«ተቀበል» የሚል ሶፍትዌር፦ በቅኝታችን ሶሎ ማመንጨትና መለማመድ

በባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው «ተቀበል!» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። እንግዳው ከተቀመጠበት ሆኖ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በድምፁ ይደግመዋል፣ በማሲንቆው ያጅበዋል፣ ከዚያም ቀጣዩ ስንኝ እስኪመጣ ድረስ ባለው ክፍተት ማሲንቆው ብቻውን ይናገራል። ከዚህ በታች የምገልጸው የልምምድ ዘዴ በዚህ መቀባበል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ልዩነቱ ስንኙን የሚሰጠው ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ አጭር የዜማ ሐረግ ያመነጫል፤ ተለማማጁ ይቀበለዋል፣ ይመረምረዋል፣ ከዚያም የራሱን መልስ ይሰጣል። መመሪያውን የጻፍኩት ክራርን በማሰብ ነው፤ ይሁን እንጂ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ጊታር ወይም ዋሽንት የሚጫወት ሰው ጥቂት ቁጥሮችን ለውጦ ሊሠራበት ይችላል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት እኔ የጀመርኩበትን የተሳሳተ መንገድ ላንሳ። ሶፍትዌሩን ባገኘሁበት ሰሞን 32 ባር (ባር ማለት የምት አንድ መለኪያ ክፍል ነው) የሚፈጅ ሶሎ፣ ማለትም አንድ መሣሪያ ብቻውን የሚናገርበት ዜማ፣ አመነጨሁ፤ ሳምንት ሙሉ ሸመደድኩት፤ ከዚያም ሐይቁ ዳር በተዘጋጀ አንድ ግብዣ ላይ ከባንድ ጋር ተጫወትኩት። አንድም ድምፅ አልሳትኩም። ከመድረክ ስወርድ ዕድሜያቸውን በማሲንቆ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ጠሩኝና «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚተነፍሰው?» አሉኝ። «የትኛው ሰውዬ፣ ጋሼ?» ብላቸው፣ «አሁን በጣትህ ሲናገር የነበረው» አሉ። ማሽኑ ሳንባ ስለሌለው ያለ ዕረፍት ይናገራል፤ እኔም እንደ ወረደ ደግሜው ነበር።

ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። የኔታ ቅኔ ሲዘርፉ ተማሪው ይቀበላል፣ ምስጢሩንና አገባቡን ይፈታል፤ ነገር ግን ያንኑ ቅኔ ለነገ የራሱ አድርጎ አያቀርብም። ወጣ ብሎ የራሱን ይቆጥራል፣ ተመልሶም ያሳርማል። ከሶፍትዌር የሚመነጨውን ሶሎ የምንይዘውም እንደዚሁ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሶሎ የሚያመነጩ ሶፍትዌሮች ከአንድ በላይ ናቸው። በስፋት የሚታወቀው ባንድ ኢን ኤ ቦክስ የተባለው የካናዳው የፒጂ ሚዩዚክ ሥራ ሲሆን፣ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ሲጻፍለት ሙሉ አጀብ ይሠራል፣ ከዚያም በላይ ሶሎ ያመነጫል። ይህ ግን የሚሸጥ ስለሆነ በውጭ ምንዛሪ መክፈልን ይጠይቃል። በዚህ መመሪያ የምንጠቀመው ኢምፕሮቫይዘር የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ነው። ይህ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በሃርቪ ማድ ኮሌጅ በፕሮፌሰር ሮበርት ኬለር መሪነት የተሠራ ሲሆን፣ ዋና ዓላማው የጃዝ ተማሪዎች የሶሎ ሐረግ እንዲጽፉና እንዲረዱ ማገዝ ነው። በጃቫ የሚሠራ በመሆኑ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ላይ ይከፈታል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ያገለገለ ላፕቶፕም ይበቃዋል።

ከእርሱ ጎን ኖታ ለመጻፍ ሚውዝስኮር፣ ድምፅ ለመቅዳትና ለማዘግየት ኦዳሲቲ ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሦስቱንም ጠንካራ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ጊዜ አውርዷቸው። ከመሣሪያ በኩል የጆሮ ማዳመጫ፣ ለመቅረጫ የሚሆን ስልክና የምትጫወቱት መሣሪያ ካሉ በቂ ነው። መብራት የሚጠፋበትን ቀን በማሰብ ደግሞ የዕለቱን የልምምድ አጀብ በድምፅ ፋይል አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ላፕቶፑ ባትሪው ቢያልቅም ልምምዱ አይቋረጥም።

ክራሩን ከማሽኑ ጋር ማስማማት

ኮምፒውተሩ ላ የተባለውን ድምፅ በሴኮንድ 440 ንዝረት ላይ ያስቀምጣል፤ በአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ) ውስጥ ያሉትን 12 ድምፆችም እኩል ይከፋፍላቸዋል። በእያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንት ነው። በቤታችን ልማድ የተቃኘ ክራር ወይም ማሲንቆ ግን ይህን እኩል ክፍፍል ሁልጊዜ አይከተልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ክራሩን ለዚህ ልምምድ ሲባል ወደ ማሽኑ ማምጣት ነው። ባለ 6 አውታሩን ክራር ከቅኝቶቻችን አንዱ በሆነው በትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና የላይኛው ዶ አድርጋችሁ ቃኙት። ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ሙቀት ሲበረታ አውታሩ ይላላል፤ በልምምዱ አጋማሽ ላይ እንደገና መፈተሽ ልማድ ይሁናችሁ።

በክራር ላይ አንድ ግልጽ ሐቅ አለ፦ ከተቃኘበት ቅኝት ውጪ ያለ ድምፅ በቀላሉ አይገኝም። በኪቦርድ ማሽኑ የሰጠውን ማንኛውንም ድምፅ መጫን ይቻላል፤ በክራር ግን ቅኝት ውስጥ የሌለ ድምፅ አውታር የለውም። ይህ ገደብ ሥራውን የሚያከብድ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የሚቀጥለውን ደረጃ በጥንቃቄ እንድንሠራ ስለሚያስገድደን ጠቃሚ ነው።

ምቱን ማዘጋጀት

አዲስ የኮርድ ገጽ ክፈቱና የምቱን መለኪያ በባር 3 ምት አድርጉት። ምክንያቱ ጭክጭካ ነው። ጭክጭካ ስድስት ቆጠራ ያለው፣ በሦስት በሦስት የሚከፈል ምት በመሆኑ፣ አንዱን የሦስት ቆጠራ ቡድን እንደ አንድ ባር ብንይዘው ሁለት ባር አንድ ሙሉ ዑደት ይሆናል። ሶፍትዌሩ ቴምፖን (የምቱን ፍጥነት) የሚቆጥረው በእያንዳንዱ ምት ስለሆነ ቁጥሩን በሦስት ማባዛት ያስፈልጋል፦ በደቂቃ 60 ጭብጨባ ለማግኘት ቴምፖው 180፣ 80 ጭብጨባ ለማግኘት ደግሞ 240 ይሆናል። ቁጥሩን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ጭብጨባው የሚወድቀው በየሦስተኛው ላይ ነው።

የሶፍትዌሩ ከበሮ የእስክስታን ምት አያውቅም። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ከፍታችሁ ከበሮውንና የኮርዱን ፒያኖ ዝም አሰኟቸው፤ ቤዙን (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚይዘውን) ብቻ አስቀሩ፤ ቤዙም ከባሩ መነሻ ወጥቶ የሚዞር ከሆነ እርሱንም ዝም አሰኙ። ለምቱ ከበሮ የሚመታ ጓደኛችሁን 2 ደቂቃ ቀርጻችሁ በኦዳሲቲ ደጋግማችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን የቀረጽኩት ሐይቁ ዳር ነበር፤ ነፋሱ ከከበሮው በላይ ስለተሰማ ሁለተኛውን ቤት ውስጥ፣ በር ዘግተን ደገምነው።

ቅኝቱን ለማሽኑ ማስተማር

ከመመሪያው ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ሶፍትዌሩ የተሠራው ለጃዝ በመሆኑ ትዝታንም ሆነ አምባሰልን አያውቅም፤ የሚያውቀው ኮርድ ነው። እኛ የምንፈልገው እንግዲህ አምስቱን የቅኝት ድምፆች አንድም ሳያጎድልና ሳይጨምር የያዘ ኮርድ ነው። ደግነቱ ለአብዛኞቹ ቅኝቶቻችን እንዲህ ያለ ኮርድ አለ።

ሶፍትዌሩ ድምፆችን የሚጠራው በላቲን ፊደላት ነው፦ ላ የመጀመሪያዋ ፊደል፣ ሲ ሁለተኛዋ፣ ዶ ሦስተኛዋ፣ ሬ አራተኛዋ፣ ሚ አምስተኛዋ፣ ፋ ስድስተኛዋ፣ ሶል ሰባተኛዋ ናቸው። ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ) ለማለት ከፊደሏ ቀጥሎ ትንሿን ሁለተኛ ፊደል መጻፍ ነው። ይህ ከተያዘ የሚከተሉትን ኮርዶች መጻፍ አያስቸግርም።

ትዝታ ሜጀር በዶ ሲሆን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ይህም በቀጥታ የዶ ስድስት ዘጠኝ ኮርድ ነው። ትዝታ ማይነር በዶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ እነዚህን ድምፆች የያዘው ኮርድ የላ ፍላት ሜጀር ሰባት ሲሆን ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ) አሥራ አንድ ይጨመርበታል። አምባሰል በዶ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ኮርዱ የሬ ፍላት ሜጀር ሰባት ሻርፕ አሥራ አንድ ነው። ባቲ ማይነር በዶ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው፤ ኮርዱ የሚ ፍላት ስድስት ዘጠኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ዐይን ውስጥ ይገባል። የባቲ ማይነር በዶ አምስት ድምፆች የትዝታ ሜጀር በሚ ፍላት አምስት ድምፆች ናቸው። አምባሰል በዶም እንዲሁ ከትዝታ ማይነር በፋ ጋር አንድ ዓይነት ድምፆች አሉት። ታዲያ ባቲን ባቲ፣ አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው ምንድን ነው? ዜማው የሚያርፍበት ቤት ነው፤ የትኛው ድምፅ እንደ ደጃፍ፣ የትኛው እንደ ምድጃ እንደሚሆን ነው። ማሽኑ ይህን በራሱ አይለይም። የሚ ፍላት ስድስት ዘጠኝ ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁለት ቤዙ ሚ ፍላት ላይ ይቀመጣል፣ ጆሮም ሳያስበው ትዝታ መስማት ይጀምራል። ስለዚህ ከኮርዱ ቀጥሎ ወደ ፊት ያዘመመ ሰረዝ አድርጋችሁ ዶ ቤዝ ላይ እንድትሆን ጻፉለት፤ ለአምባሰልና ለትዝታ ማይነርም እንዲሁ። ቤዙ ዶን ሲይዝ ተመሳሳዮቹ አምስት ድምፆች ሌላ ስሜት ይዘው ይመጣሉ። ይህን ልዩነት ለመስማት ብቻ አንድ ምሽት ብታጠፉ አይባክንም።

ባቲ ሜጀርና አንቺሆዬ በዚህ መንገድ አይገቡም። ባቲ ሜጀር በዶ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ የዶ ሜጀር ሰባት አራቱን ይሸፍናል፣ ፋ ግን ከኮርዱ ውጪ ትቀራለች። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ በመሆኑ የሚስማማው የተለመደ ኮርድ የለም። ለእነዚህ ሁለቱ ማመንጨቱን ትታችሁ፣ በመጨረሻው ክፍል በማሳየው መንገድ ሐረጎቹን በእጅ ጽፋችሁ ብትጀምሩ ይሻላል።

ኮርዱን ከጻፋችሁ በኋላ ማረጋገጫ አድርጉ። ኢምፕሮቫይዘር የጻፋችሁትን ኖታ ሁሉ በቀለም ይለያል፦ የኮርዱ ድምፆች ጥቁር፣ ከኮርዱ ጋር የሚስማሙ ተጨማሪ ድምፆች አረንጓዴ፣ ወደ ኮርዱ ድምፅ የሚያሻግሩ ሰማያዊ፣ ከእነዚህ ውጪ የሆኑት ቀይ ይሆናሉ። አምስቱን የቅኝት ድምፆች በተከታታይ በእጅ ጻፏቸው፤ አምስቱም ጥቁር ከሆኑ ኮርዱ ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ ለጃዝ ተማሪው ጌጥ የሆነው አረንጓዴ ለእኛ ከቅኝት የወጣ ድምፅ ማለት ነው። የቀለሙ ሥርዓት እንዲህ ሲሆን የቅኝት መቆጣጠሪያ ሆኖ ያገለግላል።

ከቅኝቱ ውጪ ያለ ድምፅ ሁሉ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የመሠረተው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከ12ቱ ድምፆች ስምምነት ጋር በማገናኘት ነው። እርሱ ግን ቅኝቱ ሳይፈርስ ሌላውን ድምፅ የት እንደሚያስገባ አውቆ አደረገው። ማሽኑ የሚያደርገው በዕጣ ነው። ተለማማጁ መጀመሪያ አምስቱን ብቻ ይያዝ።

ለማሽኑ ገደብ ማበጀት

የሐረግ ማመንጫውን መስኮት ስትከፍቱ ብዙ ቁጥሮች ታያላችሁ። የአዝራሮቹ አቀማመጥ ከእትም እትም ስለሚለያይ ስማቸውን ሳይሆን ተግባራቸውን ተከተሉ።

የድምፅ ወሰን፦ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ ከክራራችሁ ጋር አስተካክሉ። ባለ 6 አውታር ክራር በትዝታ ሲቃኝ ከዶ እስከ ዶ አንድ ኦክታቭ ብቻ ነው። ወሰኑን ካልቀነሳችሁት ማሽኑ ለሳክስፎን የሚሆን ሐረግ ይሰጣችኋል።

የድምፅ ዓይነት ክብደት፦ የኮርድ ድምፅ ክብደትን አስቀሩና የተጨማሪ ድምፅንና የስኬል ድምፅን ክብደት ወደ ዜሮ አውርዱ። ይህም ሆኖ ጥቂት ባዕድ ድምፅ ቢያመልጥ፣ ሶፍትዌሩ ኖታዎችን ወደ ኮርዱ የሚያስጠጋ ትእዛዝ ስላለው እርሱን ተጠቀሙ፤ የቀረውን በዐይን አይታችሁ በእጅ አርሙ።

የዝላይ ርቀት፦ እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በትዝታ ሜጀር በጎረቤት ድምፆች መካከል ያለው ትልቁ ርቀት 3 ግማሽ ድምፅ ነው፤ በአምባሰል፣ በባቲ ሜጀርና በትዝታ ማይነር ግን 4 ነው። ትልቁን ርቀት በ3 ብትወስኑት ማሽኑ በአምባሰል ከሬ ፍላት ወደ ፋ መሻገር አቅቶት ሁለቱ ጠባብ ድምፆች መካከል ሲመላለስ ይውላል። እኔ 7 ላይ አድርጌ የዝላይን ዕድል ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ይህም እስከ አምስተኛው ድምፅ ድረስ እንዲዘል ይፈቅዳል፣ ግን አልፎ አልፎ ብቻ።

ዕረፍት፦ አዛውንቱ የጠየቁኝን ጥያቄ የሚመልሰው ይህ ቁጥር ነው። የዕረፍትን ዕድል ከተሰጠው በላይ ከፍ አድርጉ። ጌታቸው መኩሪያ (እ.ኤ.አ. 1935–2016) ሽለላን ከሰው አፍ ወስዶ በቴነር ሳክስፎን ሲጫወተው፣ አድማጩ ቃል የሌለው ሽለላ መሆኑን የሚያውቀው ሐረጉ እንደ ሸላይ ትንፋሽ ስለሚነሣና ስለሚቆም ጭምር ነው። ከ8 ባር ውስጥ ቢያንስ 2ቱ ያህል ዝምታ ካልሆኑ ለክራርም ለሰሚም ይከብዳል።

ማመንጨት፣ መጣል፣ መፍታት

አሁን 8 ባር ምረጡና አመንጩ። አንድ አዝራር በተጫነ ቁጥር አዲስ ሐረግ ስለሚመጣ ፈተናው ማመንጨቱ ሳይሆን መጣሉ ነው። የእኔ ልማድ 10 አመንጭቶ 2 ማስቀረት ነው። ለምርጫው ሦስት ነገሮችን አያለሁ። አንደኛ፣ ሐረጉን መሣሪያ ሳልነካ በአፌ ማዜም እችላለሁን? ካልቻልኩ ይጣላል፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ መጨረሻው በቤቱ ድምፅ ላይ ያርፋል ወይስ ሆን ተብሎ ጥያቄ ይተዋል? ሦስተኛ፣ አንድ ትንሽ ነገር፣ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ፣ ተደግሞ ይሰማልን? ማሽን ዕጣ ስለሚጥል መድገም አይወድም፤ ሰው ግን ሲናገር ይደግማል። በአጋጣሚ የደገመበትን ሐረግ ስታገኙ አስቀሩት። ባለ ሦስት ምቱ ባር ላይ ጫፋቸው ተቆርጦ የቀሩ የሚመስሉ ሐረጎችም ያጋጥማሉ፤ አታባብሏቸው፣ ጣሏቸው።

የተረፉትን ሁለቱን በወረቀት ላይ ፍቷቸው። ሐረጉ በየትኛው ድምፅ ተነሣ? ከፍተኛው ድምፅ የት ላይ ወደቀ፣ ከጭብጨባው ጋር ነው ወይስ ከጭብጨባው ቀደም ብሎ? ስንት ጊዜ ተነፈሰ? በስንኝ ብንመስለው ቤት የሚመታው የት ላይ ነው? ይህን በአማርኛ፣ በዐረፍተ ነገር ጻፉት፤ ለምሳሌ፦ «ከሶል ተነሥቶ ወደ ላይኛው ዶ ይወጣል፣ ሁለት ቆጠራ ያርፋል፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወርዶ ሬ ላይ ይንጠለጠላል።» እንዲህ የተጻፈ ሐረግ ከጣት ትውስታ አልፎ በሐሳብ ደረጃ ይያዛል፤ በኋላ መልስ ስትሰጡ የምትመልሱት ለዚህ ሐሳብ ነው።

ዝግ ብሎ መያዝ

ሐረጉን ለሁለት ለሁለት ባር ከፍላችሁ በድግግሞሽ አጫውቱት። ዝግተኛ ቴምፖ ላይ፣ ማለትም በደቂቃ 40 ጭብጨባ፣ በሶፍትዌሩ ቁጥር 120 ላይ ጀምሩ። ሦስት ጊዜ ያለ ስሕተት ከተጫወታችሁ 12 ጨምሩ፤ ከተሳሳታችሁ 12 ቀንሱ። ከሰው የተቀዳ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ማዘግየት ከፈለጋችሁ ኦዳሲቲ ቴምፖውን ሲቀይር የድምፁን ከፍታ አይነካም፤ ስለዚህ በግማሽ ፍጥነት ከክራራችሁ ጋር እንደተቃኘ ይቆያል።

በድርደራ፣ ማለትም አውታሮቹን አንድ በአንድ በጣት እየነካ፣ የሚጫወት ሰው በዚህ ደረጃ የትኛው ጣት የትኛውን አውታር እንደሚይዝ ይወስን። በግርፍ፣ ማለትም አውታሮቹን በአንድነት እየገረፈ፣ የሚጫወት ሰው ደግሞ የዜማውን አውታር ለይቶ ሌሎቹን በግራ እጁ ጣቶች ማፈን ስላለበት፣ ፈጣን ሐረግ ላይ ከድርደራ ይልቅ ይቸገራል፤ ያልሆነለትን ድምፅ ቢተወው ሐረጉ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል እንጂ አይጎዳም።

መቀባበል

የልምምዱ ልብ ይህ ነው። 8 ባር የተመረጠውን ሐረግ፣ ቀጣዩን 8 ባር ባዶ አድርጋችሁ ገጹን አዘጋጁ፤ ይህንም ደጋግማችሁ እስከ 64 ባር አድርሱት። ማሽኑ ይናገራል፣ እናንተ በባዶው ትመልሳላችሁ። ኢምፕሮቫይዘር ራሱ ከተጫዋቹ ጋር ተራ በተራ የሚቀባበልበት አሠራርም አለው፤ እዚያ ግን አዲስ ሐረግ በየጊዜው ስለሚመጣ ለጀማሪ ይፈጥናል። ስለዚህ በተመረጠው ሐረግ ጀምሩ።

መልሱ ልቅ እንዳይሆን በየዙሩ አንድ ሕግ ያዙ። በመጀመሪያው ዙር ሐረጉን እንዳለ ደግሙት፤ አዝማሪውም ስንኙን የሚጀምረው በመድገም ነው። በሁለተኛው ዙር ምቱን ጠብቃችሁ ድምፆቹን ብቻ ቀይሩ፤ በሦስተኛው ድምፆቹን ጠብቃችሁ ምቱን ቀይሩ። በአራተኛው ዙር ማሽኑ ከቆመበት የመጨረሻ ድምፅ ተነሡና የራሳችሁን ተናገሩ፤ ከማሽኑ ሐረግ ሁለት ድምፅ ብቻ እንድትወስዱ ይፈቀድላችኋል። በዚህ አራተኛ ዙር ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል ባዶውን 8 ባር በዝምታ አሳልፌዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ዝም ማለቱ ግን ማሽኑን ደግሞ ከመጫወት ይሻላል።

ሁሉንም ዙር በስልክ ቅረጹ። በማግሥቱ፣ ክራር ሳትይዙ፣ መልሳችሁን ብቻ አዳምጡ፤ እኔ ጠዋት ከአባይ ድልድይ ወደ መሀል ከተማ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ አዳምጣለሁ። ማታ ድንቅ የመሰለኝ ጠዋት ተራ ሆኖ ያገኘሁት፣ ማታ ያፈርኩበት ደግሞ ጠዋት ደስ ያለኝ ብዙ ጊዜ ነው።

የድምፁን ከፍታ ማረም

ሐረጉ በእኩል ክፍፍል ሲሰማ ደርቆ ከታያችሁ፣ ከኢምፕሮቫይዘር በሚውዚክ ኤክስኤምኤል ፋይል አውጥታችሁ በሚውዝስኮር ክፈቱት። ሚውዝስኮር ለእያንዳንዱ ኖታ ከፍታውን በሴንት ከፍና ዝቅ የማድረጊያ ቦታ አለው። ምን ያህል መቀየር እንዳለበት ከጠረጴዛ ላይ አይወሰንም፤ የምታምኑበትን ባለ ማሲንቆ ድምፁን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ በመቃኛ መተግበሪያ ለኩት፣ ያንኑ ቁጥር ጻፉ። አንድ ድምፅ በ15 ወይም በ20 ሴንት ዝቅ ሲል የሐረጉ ፊት ሲለወጥ ትሰማላችሁ።

የራስን ሐረግ ለማሽኑ መስጠት

ከአንድ ወር ያህል በኋላ ማሽኑ ከእናንተ እንዲማር ማድረግ ይቻላል። ኢምፕሮቫይዘር ሐረግ የሚያመነጨው ሰዋስው በተባለ የሕጎች ስብስብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሕግ የመመረጥ ዕድሉን የሚወስን ቁጥር አለው፤ አብረውት የሚመጡት ሰዋስዎች በታወቁ የጃዝ ተጫዋቾች ስም የተሰየሙ ናቸው። ሶፍትዌሩ ከተጻፉ ሶሎዎች አዲስ ሰዋስው የማውጣት ችሎታም አለው።

ከቀረጻችሁት ውስጥ የወደዳችኋቸውን መልሶች፣ ቢቻል 30 ያህል፣ በኖታ ጻፏቸው። ባቲ ሜጀርንና አንቺሆዬንም የምታስገቡት በዚህ መንገድ ነው። ባለ ማሲንቆ አዛውንት ሐረግ ከሰጧችሁ ለዚሁ ሥራ እንደምትጠቀሙበት አስቀድማችሁ ንገሯቸውና ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ከዚያ ሰዋስው የማውጫውን ትእዛዝ ስጡ፤ የወጣውንም በቅኝቱ ስም አስቀምጡ። ለትዝታና ለአምባሰል የተለያየ ሰዋስው ይኑራችሁ፤ ዜማቸው የሚያርፍበት መንገድ አንድ አይደለምና። የእኔ የመጀመሪያው ሰዋስው ብዙ ሐረግ በአንድ ድምፅ ድግግሞሽ ይጨርስ ነበር፤ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ስፈትሽ ለካ የራሴ 30 ሐረግ ውስጥ ከግማሽ በላዩ እንዲያ ይጨርስ ኖሯል።

ማሽኑ የማይወስደው ነገርም አለ፦ የማሲንቆው መንሸራተት፣ የክራሩ ጠቅ አድርጎ ማፈን፣ ድምፁን ከመድረሱ በፊት ማዘግየት በኖታ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ቀን ላፕቶፑን ዝጉና፣ ያንኑ የ8 ባር ሥርዓት ከአንድ ሰው ጋር ተጫወቱት። ጓደኛ ካለ ጓደኛ፣ ከሌለ አዝማሪ ቤት ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ እንግዳ ሳይበዛ አዝማሪዎቹ መሣሪያቸውን ሲቃኙ ጥቂት ደቂቃ አያጡም። ባለፈው እኚያን አዛውንት እዚያው አገኘኋቸው። ክራሬን አየት አደረጉና ማሲንቋቸውን አንስተው አጭር ነገር ተጫወቱ፤ ከዚያም ቀና ብለው «ተቀበል» አሉኝ።